ስድስት ቀን በሮም፣ ያለ ድምፅ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ከቦሌ የተነሳነው በሌሊት ነው። አምስት ነን፤ ሁላችንም የአንድ የካቶሊክ አጥቢያ (ቁምስና) መዘምራን። ቤተ ክርስቲያናችን እ.ኤ.አ. 2025ን የኢዮቤልዩ ቅዱስ ዓመት ብላ አውጃለች። በዚህ ሳምንት መጨረሻ ተራው የመዘምራን ስለሆነ ከየአገሩ የዝማሬ ቡድኖች ሮም ይገባሉ። ለዚህ ጉዞ ሁለት ዓመት ዕቁብ ጥለናል። እኔ ባስ ነኝ፤ ወፍራሙን ድምፅ ነው የምዘምረው።

በረራው ስድስት ሰዓት ያህል ነው። ከመቀመጫዬ በላይ ያለው ቀዝቃዛ አየር አናቴ ላይ ሲነፋ አደረ። ስንወርድ ጉሮሮዬ ውስጥ አሸዋ የተበተነ መሰለኝ። ውሃ ጠጣሁና ዝም አልኩ።

ከአየር ማረፊያው ወደ ከተማው የሚወስደው ፈጣን ባቡር 14 ዩሮ ነው፤ በግማሽ ሰዓት ቴርሚኒ ጣቢያ ያደርሳል። ከጣቢያው ስንወጣ ያገኘነው አደባባይ ስሙ ሲተረጎም "የአምስት መቶዎቹ አደባባይ" ማለት ነው። ከመካከላችን በዕድሜ ትልቁ ጋሼ ቆም አሉ። "አምስት መቶዎቹ እኮ ዶጋሊ ላይ የቀሩት ናቸው" አሉን። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው የጣሊያን ወታደሮች መታሰቢያ ነው። ጋሼ ኮፍያቸውን አወለቁና "አባታችን ሆይ" ጀመሩ። አብረን ደገምን። ስንጨርስ ለማን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። "ለሞቱት ሁሉ። ለእኛም፣ ለእነሱም" አሉኝ። ሻንጣችንን እየጎተትን ሄድን።

ቡና የጠጣነው ቆመን ነው። እዚህ ሰው ባንኮኒ ላይ ተደግፎ በሁለት ጉንጭ ጠጥቶ ይሄዳል። ማኪያቶው ከአዲስ አበባው በጣም ያንሳል፤ ቡናው ላይ ወተት ጠብ ተደርጎበት ብቻ ነው የሚመጣው። አጠገቡ ማሪቶዞ የሚሉት ነገር ነበር። ለስላሳ ዳቦ ነው፤ መሃሉ ተሰንጥቆ በተመታ ክሬም ይሞላል። የመጀመሪያውን ስጎርስ ልጅነቴ፣ ፒያሳ ከአባቴ ጋር ቅዳሴ ወጥተን የምንገባበት ኬክ ቤት፣ ትዝ አለኝ። ከቅዳሴ በኋላ ያለች ኬክ የቅዳሴው ተከታይ ናት ብዬ ነበር የማስበው። አሁንም ያ እምነቴ አልተለወጠም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ጠዋት በቅዱሱ በር አለፍን። የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ቅዱስ በር በሌላ ጊዜ ዝግ ነው፤ የሚከፈተው ለኢዮቤልዩ ብቻ ነው። ይህን የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ2024 የገና ዋዜማ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ነበሩ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው። መዝጋቱ ግን አልደረሰላቸውም። በሚያዝያ አረፉ፤ ሊዮ 14ኛ ተተኩ። በሩን እጄን አሳርፌ ስሻገር ስለ እሳቸው ነበር የማስበው። ነሐሱ ሰው በነካካው ቦታ ላይ ያብረቀርቃል።

ውስጥ ገብተን ብዙ አልተነጋገርንም። ለእኔ ይህ ቤት ከሥዕሉና ከእምነ በረዱ በፊት የዜማ ቤት ነው። የዜማ ደራሲው ፓለስትሪና እዚህ የመዘምራን አለቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1594 ሲያርፍም የተቀበረው በቀድሞው ባዚሊካ ነው። የተወለደበት 500ኛ ዓመት እየታሰበ ያለው በዚሁ ዓመት መሆኑ ለእኛ ለዘማሪዎች እንደ ስጦታ ነው። የእሱን ዝማሬ የሰማ ሰው ያውቀዋል፤ አንዱ ድምፅ ገና ሳያርፍ ሌላው ይነሳል፣ ማንም ማንንም አይጫንም።

ሌላም ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1903 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒየስ 10ኛ ስለ ቤተ ክርስቲያን ዜማ አንድ ሰነድ አወጡ። የቲያትር ቤት ስልት ከቤተ ክርስቲያን ይውጣ፣ ጥንታዊው የላቲን ዜማ፣ የጎርጎርዮስ ዜማ፣ ይመለስ የሚል ነው። በዚያው ሰነድ ፒያኖና ከበሮ በላቲኑ ሥርዓት እንዳይገቡ ተከለከሉ። ስልሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ተጠራ። የዓለም ጳጳሳት በዚህ ባዚሊካ ተሰብስበው ሳለ በእኛ በግዕዙ ሥርዓት ተቀደሰ፤ ከበሮና ጸናጽልም በዚህ ጣራ ሥር ተሰማ። መሃል አዳራሹ ላይ ቆሜ ያንን ድምፅ ለመስማት ሞከርኩ። ከበሮ እዚህ ሲመታ ማስተጋባቱ እንዴት ይሆን? ከግድግዳ ግድግዳ ሲመላለስ ታየኝ።

ማታ በእንግዳ ማረፊያው ልምምድ ነበረን። አፌን ስከፍት ድምፅ የለም። ሹክሹክታ ብቻ ወጣ። መድኃኒት ቤት ሄጄ የሚመጠጥ ከረሜላ ገዛሁ። ማረፊያውን የሚያስተዳድሩት እማሆይ ትኩስ ወተት በማር አመጡልኝ፤ እዚህም ለጉሮሮ የሚሰጠው እሱ ነው። እስክጨርሰው ከፊቴ አልሄዱም። ወተቱ ጣፋጭ ነበር፤ ግን አለቀስኩ። ሁለት ዓመት ጠብቄ!

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ዛሬ የመጣሁበትን ያህል አገኘሁ።

ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ፣ ከቫቲካን ግንብ ውስጥ፣ አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። ስሟ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስቶስ 4ኛ ለእኛ መነኮሳት ሰጡዋት፤ ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ማረፊያ ሆነች። ዝም ብሎ አይገባም፣ ፈቃድ ያስፈልጋል። እዚያው ግንብ ውስጥ ካለው የኢትዮጵያ ኮሌጅ የምናውቃቸው አንድ አባ ጨርሰውልን ነበር። በር ላይ በአማርኛ "እንኳን ደህና መጣችሁ ልጆቼ" ሲሉን ሁላችንም መስቀላቸውን ለመሳለም ተሻማን።

በሩ የድንጋይ ሐረግ የተቀረጸበት ነው። ከላይ መስቀል የያዘ በግ አለ። ውስጡ ጠባብና ጭር ያለ ነው። ከትልቁ ባዚሊካ ግርግር ጥቂት እርምጃ ብቻ የራቀ አይመስልም።

አባ ወንበሩ ላይ አስቀመጡንና ታሪኩን አወሩልን። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ቄስ ሮም ይኖር ነበር። አንድ ቀን መነኮሳቶቻችን እዚህ ሲያዜሙ ሰማ። ቋንቋውን አያውቀውም። ግን ከዜማው መሃል የማርያምን ስም ለየ። የሐዋርያትን ስም ለየ። ምን ቋንቋ እንደሆነ ጠየቀ፤ ቁጭ ብሎም ከአባቶች ግዕዝ ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ ሮም ውስጥ አሳተመ። በዓለም ላይ በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ እሱ ነው። ለመጽሐፍ ገበያ የታሰበ ነገር አልነበረም። ሰው ሲዘመር ሰምቶ ልቡ ስለተነካ ነው።

ቀጥሎም አባ ተስፋ ጽዮን መጡ፤ የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ። እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን እዚሁ ሮም በግዕዝ አሳተሙ። የሚያስጎበኙን አባ የመጽሐፉን መጨረሻ ሲነግሩን ድምፃቸው ትንሽ ተሰበረ። አሳታሚዎቹ አንባቢውን ይቅርታ ይጠይቃሉ። ፊደል የለቀሙት ሰዎች ማንበብ አይችሉም፤ እኛ ደግሞ ማተም አናውቅም፤ ዕውር ዕውርን እንደሚመራ ተረዳድተን ሠራነው፣ ለእነሱም ለእኛም ይቅር በሉን ነው የሚሉት። አምስት መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ይቅርታ ነው፤ እኔ ግን ዛሬ ጠዋት የተነገረ ያህል ሰማሁት።

ከዚያ አባ "በሉ እስቲ አዚሙልን" አሉ። አራቱ ተነሱ። እኔ ጉሮሮዬን በእጄ አሳየሁ። "አንተ ከኋላ ሆነህ ስማልን" አሉኝ። ሄጄ ከመጨረሻው ወንበር ተቀመጥኩ።

ዐሥራ አንድ ዓመት በዚህ ቡድን ውስጥ ዘምሬያለሁ። አንድም ቀን ከውጭ ሆኜ ሰምቼው አላውቅም። "ሰላም ለኪ ማርያም" ብለው ጀመሩ፤ በአራራይ የዜማ ስልት፣ ቀስ ብለው። የጋሼ ድምፅ ላይ መንቀጥቀጥ አለ፤ አጠገባቸው ስቆም የማይሰማኝ መንቀጥቀጥ። የታናሽ እህታችን ድምፅ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ይነሳና ሌሎቹን ይጠብቃል። ይህን ሁሉ ዓመት ስትጠብቀን እንደነበር አላውቅም። ፖትከን የቆመው የት ጋ ይሆን? በር አካባቢ ይመስለኛል። እንግዳ ሰው በር አካባቢ ነው የሚቆመው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሚካኤል! አገር ቤት ዛሬ ኅዳር ይታጠናል። ሰፈራችን በጭስ ይጨልማል፤ እናቴ ደግሞ ጠዋት ሚካኤል ስማ ትመለሳለች። እናቴ ኦርቶዶክስ ናት፣ አባቴ ካቶሊክ ነበር። ቤታችን ውስጥ ሁለት መቁጠሪያ፣ አንድ ሚካኤል ነው።

ድምፄ አልተመለሰም። ልምምዱን ትቼ ከጋሼ ጋር ፊልም ፍለጋ ወጣን። ፊልም ፍለጋ ስል የተቀረጸበትን ከተማ ማለቴ ነው። የጣሊያናዊው ዳይሬክተር የቪቶሪዮ ዴ ሲካ "የብስክሌት ሌቦች" እ.ኤ.አ. በ1948 የተሠራው በሮም ጎዳናዎች ላይ ነው። አባትየውን የተጫወተው የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፣ ተዋናይ አይደለም። ቫቲካን እ.ኤ.አ. በ1995፣ ሲኒማ መቶ ዓመት ሲሞላው፣ 45 ታላላቅ ፊልሞች መርጣ ዝርዝር አውጥታ ነበር፤ ይህም አንዱ ነው። ባለፈው ቅዳሜም ሊዮ 14ኛ የሲኒማ ሰዎችን ተቀብለው አነጋግረዋል። ፊልም ማየት ከመንፈሳዊ ሕይወት ያርቃል እየተባልኩ ነው ያደግሁት። በዚህ አልስማማም።

ፖርታ ፖርቴዜ ሄድን፤ አባትና ልጅ የተሰረቀውን ብስክሌት በዝናብ የሚፈልጉበት ገበያ። ገበያው የሚደምቀው እሁድ ነው፤ ዛሬ ጸጥ ብሏል። ከዚያ አንድ ምግብ ቤት ገብተን በፊልሙ ውስጥ ልጁ የሚበላውን አዘዝን። ዳቦ መሃል ሞዛሬላ ተደርጎ በእንቁላል ተለውሶ ይጠበሳል። ስሙ "ሞዛሬላ በሰረገላ" ነው። ዓርብ ስለሆነ ሥጋ አልነካንም፣ ይህ ግን አይከለከልም።

ያንን ትዕይንት ያላያችሁ እዩት። አባትየው ብስክሌቱን አጥቷል፤ ብስክሌት ከሌለ ሥራ የለም። ልጁን በጥፊ መትቶታል፤ ተጸጽቷል። ኪሱ ውስጥ ያለችውን ይቆጥርና "ና እንብላ" ይለዋል። ይቀመጣሉ። ወይን ይታዘዛል። ልጁ አይቡን በጥርሱ ይዞ ይስበዋል፤ ከጀርባው የሀብታም ልጅ በሹካና በቢላ ይበላል፤ ዞሮ ያየዋል። ለጥቂት ደቂቃ ሁለቱም ይደሰታሉ። ከዚያ አባትየው ወረቀት አውጥቶ የጠፋውን ደመወዝ ማስላት ይጀምራል። ይህን ትዕይንት ባየሁ ቁጥር ማዕድ ስንባርክ ምን እንደምንል ይገባኛል። ደስታቸው ችግራቸውን አልፈታም። ግን እውነተኛ ደስታ ነበር፤ እግዚአብሔርም ጠረጴዛው ላይ ነበር ብዬ አምናለሁ። ጋሼ ምግቡ ሲመጣ ከወትሮው ረዘም አድርገው አማተቡ።

ከሰዓት በኋላ ወደ አቬንቲኖ ኮረብታ በእግር ወጣን። መንገዳችን ላይ ፖርታ ካፔና አደባባይ አለ። የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ የቆመው እዚያ ነበር። በ2003 ፈቱት፣ በ2005 አገሩ ገባ፣ በ2008 አክሱም ላይ ቆመ። አሁን ሐውልቱ የለም። አለመኖሩን አይቼ እንደዚያ ደስ ያለኝ ነገር የለም።

ኮረብታው ላይ ቅድስት ሳቢና አለች፤ የ5ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን። የእንጨት በሯ ላይ ስቅለቱ ተቀርጿል፤ በዓለም ላይ ከተረፉት የስቅለት ምስሎች ሁሉ ጥንታዊ ከሚባሉት ነው። ከእሷ አለፍ ብሎ ሳንት አንሴልሞ ገዳም ነው። የቤኔዲክቶስ መነኮሳት ሠርክ ጸሎታቸውን በጎርጎርዮስ ዜማ ያደርሳሉ፤ ማንም ገብቶ መስማት ይችላል።

ዜማው አንድ ድምፅ ነው። ሁሉም አንድ ላይ፣ ያለ ከበሮ፣ ያለ ጸናጽል። ግማሹ ጎን አንድ ስንኝ ይልና ሌላው ጎን ይመልሳል። በመሃሉ ዝም የሚሉባት አንዲት ቅጽበት አለች፤ ስንኙ አጋማሽ ላይ። አንድ ትንፋሽ ያህል ናት። መጀመሪያ የተረሳ ነገር ያለ መሰለኝ። በኋላ እሷን መጠበቅ ጀመርኩ። የእነሱ ዜማ ስምንት ስልት አለው። የእኛ ያሬድ ስምንት ምልክት ትቶልናል፤ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት። አንዱ ከሌላው አልተቀዳም፤ ስልትና ምልክትም አንድ ነገር አይደሉም። ሁለቱም ግን ዳዊትን ነው የሚያዜሙት። ስንወጣ ጨልሞ ነበር። ጋሼ ከመንገድ ዳር የተጠበሰ የካስታኛ ፍሬ ገዙ። ትኩሱን በወረቀት ጠቅልለው ኪሴ ውስጥ ከተቱልኝ፤ እጄ እንዲሞቅ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ዛሬ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 22፣ የቅድስት ሴሲሊያ በዓል ነው። የዘማሪዎች ጠባቂ ናት። ፒየስ 10ኛም ያንን የዜማ ሰነድ ያወጡት በዚሁ ዕለት ነበር።

ትራስቴቬሬ ሰፈር ያለችው ቤተ ክርስቲያኗ በዘማሪ ተጨናንቃለች። እየተገፋን እስከ መንበሩ ደረስን። ከሥሩ ነጭ እምነ በረድ ሐውልት አለ። እ.ኤ.አ. በ1599 መቃብሯ ተከፍቶ ነበር፤ ስቴፋኖ ማዴርኖ ደግሞ በ1600 ያገኟትን እንደተኛች ቀረጻት። በጎኗ ተጋድማለች። ፊቷ ወደ መሬት ዞሯል፤ በሻሽ ተሸፍኗል፤ አይታይም። አንገቷ ላይ የሰይፍ ምልክት አለ። ሦስት ጊዜ መትተዋት ሦስት ቀን ቆይታ አረፈች ይላል ገድሏ። በአንዱ እጇ ሦስት ጣት፣ በሌላው አንድ ጣት ዘርግታለች፤ ሦስትም አንድም የሆነውን ስትመሰክር።

የዘማሪዎች ጠባቂ ናት እንጂ ሐውልቷ አፍ የለውም። ይህን ሳስተውል ክንዴን ብርድ ብርድ አለኝ። ገድሏ ላይ ያለውም ዓረፍተ ነገር ይኸው ነው፤ በሠርጓ ዕለት መሣሪያዎቹ ሲጫወቱ እሷ በልቧ ለጌታ ትዘምር ነበር። በልቧ ነው የሚለው። የዜማ ጠባቂ ያደረጋት ማንም ያልሰማው ዝማሬ ነው።

ጋሼ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብለው "ያሬድም እንዲህ አልነበር?" አሉኝ። ገባኝ። ያሬድ በአፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም ንጉሡ ተመስጠው ጦራቸውን እግሩ ላይ ተከሉት። ደሙ ፈሰሰ፤ ዜማው እስኪያልቅ እሱም አላወቀም፣ እሳቸውም አላወቁም። አንገቷን ሳየው እግሩ ነበር የሚታየኝ።

ብዙ ቆየሁ። ሰው ከኋላ ይጠብቃል፤ ቢሆንም ቆየሁ። ሻማ አበራሁ። ድምፄን እንድትመልስልኝ ልለምን ነበር ያሰብኩት። ልመናውን ሳልጀምር ረሳሁት።

እሁድ፣ ኅዳር 14

የክርስቶስ ንጉሥ በዓል። አደባባዩ ላይ ገና በጠዋቱ ተሰልፈናል። ብርዱ ይቆርጣል። ከእኛ ፊት ያሉት የላቲን አሜሪካ ሰዎች ናቸው፤ አንዷ ሴት ስካርፏን አውልቃ አንገቴ ላይ ጠመጠመችልኝ። በምልክት ነው የተግባባነው፤ እሷም እንደኔ ጉሮሮዋን አሳየችኝ።

ቅዳሴው ተጀመረ። "ሳንክቱስ" ሲባል በሺህ የሚቆጠር ዘማሪ በአንድ አፍ ተነሳ። ቃሉ የእኛው ቃል ነው። ቅዱስ፣ ቅዱስ፣ ቅዱስ። ከንፈሬን አንቀሳቀስኩ፤ ምንም አልወጣም። ያ ድምፅ ግን ከእግሬ ሥር፣ ከድንጋዩ በኩል ገብቶ ደረቴን ነዘረው። ታናሽ እህታችን ዞራ አየችኝና ፈገግ አለች። እየጠበቀችኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ እናቴ ደወለች።

"ድምፅህ የት ገባ አንተ ልጅ?"

"ጉንፋን ነው እማ" አልኳት በሹክሹክታ።

"ሳትዘምር ቀረህ?"

"ሰማሁ።"

ትንሽ ዝም አለች። "እሱም ጥሩ ነው" አለች። "ነገ ጾመ ነቢያት ይገባል። ዛሬ ቅበላ ነው፤ ደህና ነገር ብላ።"

ጋሼ አጠገቤ ቆመው ሱፕሊ ገዝተው ይጠብቁኛል። የሮም ሰዎች ሩዝ በቲማቲም ስጎ ሠርተው፣ መሃሉ ሞዛሬላ ከተው፣ አድበልብለው የሚጠብሱት ነው። ስልኩን ሳልዘጋ ለሁለት ገመሱልኝ። አይቡ በሁለቱ እጃቸው መሃል እንደ ስልክ ገመድ ረዝሞ ተሳበ።